ከወላጆቼ ቤት በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

ጥያቄ፦ «ወላጆቼ የሚኖሩት ደብረ ሲና አካባቢ፣ ተዳፋት ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከቤታቸው በላይ ባለው ማሳ ላይ ረጅም ስንጥቅ ታየ። እጅ ያስገባል። በበጋ የጠበበ መስሎን ነበር። ዘንድሮ በበልጉ ዝናብ እንደገና ከፈተ። የጓዳው በርም አልዘጋ ብሏል። አባቴን ስንለምነው ‹እዚህ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ፣ መሬቱ የት ይሄዳል?› ይለናል። ታናሽ ወንድሜ አብሯቸው ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የጎፋውን የመሬት ናዳ ካየሁ ጀምሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ዛፍ ብንተክልበት ይይዘዋል? ወይስ ይውጡ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። ወላጆችሽ ክረምቱ ሳይበረታ ማደሪያቸውን መቀየር አለባቸው። ርስታቸውን ይተዉ አላልኩም። ቀን ቀን፣ ሰማዩ ጥሩ ሲሆን፣ ማሳቸው ላይ ይሥሩ። ሌሊት ግን ከዚያ ስንጥቅ በታች አይተኙ።

ስንጥቅ ብቻ ብትነግሪኝ ኖሮ ሌላ ነገር እጠይቅሽ ነበር። ዋልካ አፈርም ይሰነጠቃል። የዋልካ ስንጥቅ ግን በበጋ ይከፈታል፣ ዝናብ ሲነካው ይገጥማል። ደግሞም እንደ መረብ በየአቅጣጫው የተበታተነ ነው። የናንተው ተቃራኒው ነው። በዝናብ ነው የሚከፍተው። በበጋ የጠበበ የመሰላችሁ ከጠርዙ እየረገፈ የገባው አፈር ሞልቶት ይሆናል። ወንድምሽ ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር ይሂድበት። ተዳፋቱን አግድም ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ታች እንደ ጨረቃ ከታጠፈ፣ ከስንጥቁ በታች ያለው መሬት አንድ ላይ እየወረደ ነው። የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ዝቅ ብሎ ከተገኘማ ጥርጥር የለውም።

በሩንም እንይ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ስለዚህ በዝናብ ወቅት የተጣበቀ በር ሁሉ አደጋ አይደለም። ወንድምሽ መቃኑ ላይ ቱንቢ ያንጠልጥል። ክር ላይ የታሰረ ድንጋይም ይበቃል። መቃኑ ከክሩ ጋር እኩል ካልሄደ ያዘመመው ቤቱ ነው። ግድግዳው ላይ፣ በተለይ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሳ አዲስ ሰያፍ ስንጥቅ ካለም ይመልከት።

አሁን ለምን እንደሚንሸራተት ልንገርሽ። ይህን ካልተረዳችሁ ቀጥሎ የምላቸው ነገሮች ትርጉም አይሰጧችሁም።

የሰሜን ሸዋና የወሎ ተራሮች በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ እየፈሰሰ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ የተሠራ ነው። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል ረጅም ዘመን አልፏል። በዚያ ዘመን አፈር ተፈጥሯል፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ተከምሯል። ቀጣዩ ፍሰት መጥቶ ሸፍኖታል። ስለዚህ ተራራው ሲቆረጥ በጥቁሩ ድንጋይ ንብርብሮች መካከል ቀይ ወይም ግራጫ ሸክላ ይታያል። የጣርማ በርን መንገድ ስትወርጂ ከመኪናው መስኮት ልታዪው ትችያለሽ።

ጥቁሩ ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ዝናቡን ይውጠዋል። ውሃው ሸክላው ላይ ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል። ወደ ጎን ይሄድና ተዳፋቱ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሸክላው ይርሳል። እርጥብ ሳሙና ላይ የተቀመጠ ድንጋይ በይው። ውሃው ሁለት ነገር ያደርጋል። ከላይ ያለውን አፈር ያከብደዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ እርስ በርስ ያራርቃቸዋል። መሬቱን ተዳፋቱ ላይ ይዞት የነበረው ሰበቃ፣ የቅንጣቶቹ እርስ በርስ መፋተግ ነው። ቅንጣቶቹ ሲራራቁ ሰበቃው ይከዳል።

ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ውሃ ከላይ ገብቶ ጥልቅ እስኪደርስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስድበታል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መሬት የሚናደው ዝናቡ ካባራ በኋላ የሆነው። ለዚህም ነው ነሐሴና መስከረም ከሰኔ ይልቅ የሚያሰጉኝ። በሰኔ መሬቱ ገና እየጠጣ ነው። በነሐሴ ጠግቧል። «ፀሐይ ወጣ፣ አሁን እንመለስ» የሚለው ቃል የስንቱን ቤተሰብ ሕይወት ለአደጋ እንዳጋለጠ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላ ልትገነዘቢው የሚገባ ነገር አለ። ሰው የሚሰፍረው ምንጭ ባለበት ነው። ከገደል ሥር ያለች፣ አፈሯ ጥልቅ የሆነች፣ ደልደል ያለች ቦታ ሲያገኝ ደግሞ ቤቱን እዚያ ይሠራል። ያቺ ደልዳላ ቦታ ግን ከየት መጣች? ብዙ ጊዜ ጥንት ከላይ ተንሸራቶ እዚያ የቆመ መሬት ናት። ምንጩ ሸክላው የት እንዳለ ይነግርሻል። ደልዳላው ቦታ መሬቱ ቀድሞ የት እንደሄደ ይነግርሻል። ተራራማ አካባቢ በሄድኩ ቁጥር የማየው ይህንኑ ነው። ምርጥ የሚባለው ማሳና አደገኛው ቦታ አንድ ላይ ይገኛሉ። የአባቶቻችን ምርጫ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። ለውሃና ለእህል ትክክል ነበር።

አባትሽ «እዚሁ አረጀሁ» ያሉት እውነት ነው። ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ለተራራ አጭር ነው። አንድ ተዳፋት መቶ ዓመት ቆሞ በአንድ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ደግሞም ዛሬ ያለው ተዳፋት አባትሽ በልጅነታቸው የሚያውቁት ላይሆን ይችላል። ከቤቱ በታች መንገድ ተቆርጧል? ድንጋይ ተፈልጧል? ጎረቤት ቤት ለመሥራት የኮረብታውን እግር ቆፍሯል? የተዳፋት እግር ሲቆረጥ ከላይ ያለው ሁሉ ድጋፉን ያጣል። እንዲህ የተቆረጠ ቦታ ካለ ንገሪኝ፤ ነገሩን ያባብሰዋል።

ለማሳመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። በ1998 ዓ.ም መግቢያ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እዚያው ደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በተባለው አካባቢ ሰፊ መሬት ተንሸራቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። አባትሽ ያስታውሱታል። ጠይቂያቸው። ቀድሞ ምን ታይቶ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አይጠፋም። ከጎሐ ጽዮን ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ መንገድ የሚያውቅ ሰውም ነገሩ አይከብደውም። የጃፓን ባለሙያዎች ሳይቀሩ መጥተው ያጠኑት፣ አስፋልቱ እየተጠገነ እንደገና የሚሰምጥና የሚሰነጠቅ መንገድ ነው። መሬት ይሄዳል።

አሁን ወንድምሽ ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚገባ ሥራ አለ። መለካት። ከስንጥቁ በላይ አንድ፣ ከስንጥቁ በታች አንድ ጠንካራ ችካል ይትከል። ከጠርዙ አንድ ሁለት ክንድ ይራቅ። ጫፋቸው ላይ ምስማር ይምታ። ከምስማር እስከ ምስማር በሜትር ይለካና ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፍ። በመሃልና በሁለቱ ጫፎች፣ ሦስት ቦታ ቢያደርገው ይሻላል። ከብት እንዳይነቅለው እሾህ ይጠርበት። በየቀኑ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ በዚያው ሜትር ይለካ። ዝናቡንም መመዝገብ ይቻላል። ከታች እስከ ላይ ስፋቱ እኩል የሆነ የወተት ዱቄት ጣሳ ሜዳ ላይ ያስቀምጥ። ጠዋት የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ለክቶ ይድፋው። ያች ሚሊሜትር ሚቲዎሮሎጂ የሚናገራት ሚሊሜትር ናት።

ቁጥሩን እንዴት ታነቢዋለሽ? ስንጥቁ ምን ያህል ሰፋ ከሚለው ይልቅ በምን ፍጥነት እየሰፋ ነው የሚለው ነው ዋናው። ሳምንቱን ሙሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሄደ መሬት ለዓመታት እንዲሁ ሊያዘግም ይችላል። በዚህ ሳምንት ሁለት ሚሊሜትር፣ በሚቀጥለው አምስት፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት አንድ ሴንቲሜትር ከሄደ ግን መሬቱ ፍጥነት እየጨመረ ነው። ያኔ ውይይት የለም። የጃፓን መሐንዲሶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ይህንኑ የፍጥነት ጭማሪ እየለኩ ተዳፋት የሚናድበትን ጊዜ መገመት ችለዋል። ዘዴው የራቀ አይደለም። ችካል፣ ምስማርና ደብተር ነው።

አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ «እኔስ ምን ላድርግ?» ትይ ይሆናል። ይህ ያንቺ ድርሻ ይሁን። ወንድምሽ በየጠዋቱ ቁጥሩን በስልክ ይላክልሽ። አንቺ መዝግቢው። አጠገቡ ያለ ሰው ለውጡን ይለምደዋል። አንቺ ከሩቅ በደንብ ታዪዋለሽ።

ከስንጥቁ ሌላም መሬቱ ይናገራል። ቀጥ ብሎ ያደገ ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት አንድ ወገን ካዘመመ፣ ደረቅ የነበረ ቦታ ላይ ውሃ ከመነጨ፣ ወይም የኖረ ምንጭ በድንገት ከደረቀ፣ የተዳፋቱ እግር ካበጠ ልብ በሉ። አንዱ ግን ደቂቃ አይሰጥም። ዝናብ እየጣለ ወንዙ ወይም ፈፋው ድንገት ጭቃ ሆኖ ከመጣ ወይም ጭራሽ ከቆመ፣ ከላይ መሬት ወርዶ ውሃውን ገድቦታል ማለት ነው። ግድቡ ሲጥስ ውሃው፣ ድንጋዩና ዛፉ አንድ ላይ ይመጣሉ። ያኔ ከፈፋው ወዲያውኑ መራቅ ነው።

መሬቱን ማዳን ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ማዘግየት ይቻላል። መንገዱም ውሃውን መከልከል ነው። ስንጥቁ ክፍት ከሆነ ዝናቡ በቀጥታ ወደ ጥልቁ ይገባል። ስለዚህ በሸክላ አፈር ይሞላና በደንብ ይደቅደቅ። ሲከፍት እንደገና ይሞላ። ከስንጥቁ በላይ ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈር። ቦዩ ዝቅ እያለ ሄዶ ውሃውን ከሚንቀሳቀሰው መሬት ውጭ ወዳለ ተፈጥሯዊ ፈፋ ያድርስ። ወደ ጎረቤት ቤት አይላክ፤ የታች ጎረቤት ካለ መጀመሪያ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ። የጣሪያው ውሃ ከቤቱ ኋላ አይንጠባጠብ። ከስንጥቁ በላይ የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ወይም የመስኖ ቦይ ካለ ይዘጋ።

እዚህ ላይ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ የማይወዱትን እላለሁ። በየበጋው በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ተራራ ላይ የሚቆፈሩት ውሃ ማስረጊያ ቦዮች ጥሩ ሥራ ናቸው። አፈር ያድናሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ። ግን ዓላማቸው ውሃውን መሬት ውስጥ ማስገባት ነው። መንሸራተት የጀመረ ተዳፋት ላይ ይህ ለታመመው መድኃኒቱን ትቶ ሕመሙን መጨመር ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ውሃውን አስወጥቶ የሚወስድ ቦይ ነው። ከወላጆችሽ ማሳ በላይ የተቆፈረ ካለ ለግብርና ባለሙያው ስንጥቁን አሳዩት። አብዛኞቹ ሲያዩት ይገባቸዋል።

የዛፉን ነገር ጠይቀሻል። ሥር የሚይዘው የላይኛውን አንድ ሁለት ሜትር ነው። መሬቱ የሚንሸራተተው በዚያ ጥልቀት ከሆነ ዛፍ በእርግጥ ይረዳል። ቤትን የሚያዘምም፣ ማሳን አግድም የሚቆርጥ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ይጠልቃል። ያኔ ዛፉም አብሮ ይሄዳል። ደግሞ የዛሬ ችግኝ ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም። ትከሉ፣ ግን እሱን ተማምናችሁ አትተኙ። ያለውን ዛፍም አትቁረጡ። ዛፍ ሲቆረጥ ሥሩ ወዲያው አይበሰብስም። ጥቂት ዓመታት ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። ለዚህ ነው ሰው «ደኑን ከቆረጥን ቆይተናል፣ ምንም አልሆነም» ሲል የምሰጋው።

አሁን ወደ ጎፋው ልምጣ። ስለሱ ነው እንቅልፍ ያጣሽው፣ እኔም ከሁሉ በላይ እንድታስተውሉት የምፈልገው እሱን ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሞተው ከ200 በላይ ሰው ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ መጀመሪያ የወረደው ናዳ የጥቂት ቤተሰቦችን ቤት ቀበረ። ጩኸት ተሰማ። ጎረቤት ሮጠ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ጭምር ደረሱ። በእጅና በአካፋ እየቆፈሩ ሳለ ተዳፋቱ ሁለተኛ ጊዜ ወረደባቸው። ከሞቱት አብዛኞቹ ሰው ሊያድኑ የሄዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ናዳ የመሬቱን እግር ይወስዳል። ከላይ የቀረው ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፣ ድጋፍ የለውም፣ ውሃውም አልወጣለትም። ስለዚህ ከአንድ ናዳ በኋላ ያሉት ሰዓታት ከሁሉ የከፉ ናቸው። የኛ ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው ወደዚያ የሚሮጠው። ይህን ለመንቀፍ አይደለም የምለው። ያ ደግነት ባይኖር ስንቱ ቦታ ሰው በሕይወት ባልወጣ ነበር። ግን አስቢው። በገጠራችን ያሉት የጥሪ ምልክቶች ሁሉ «ኑ» የሚሉ ናቸው። ኡኡታ «ኑ» ነው። የዕድር ጥሩምባ «ኑ» ነው። የቤተ ክርስቲያን ደወል «ኑ» ነው። «ሽሹ» የሚል ምልክት የለንም። ወንድምሽ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አይቶ ኡኡ ቢል መንደሩ በሙሉ ወደ ተዳፋቱ ይመጣል።

ስለዚህ ከክረምቱ በፊት መንደሩ በአንድ ነገር ይስማማ። የዕድሩ ስብሰባ ጥሩ አጋጣሚ ነው። አዲስ ድምፅ ይመረጥ። ፊሽካ ሊሆን ይችላል፣ ቆርቆሮ እየደጋገሙ መምታትም ይሆናል፤ ብቻ ለለቅሶም ለሌላ ጥሪም የማይውል ድምፅ ይሁን። ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ ወደ ጎን፣ ወደ ሸንተረሩ ውጡ። ልጆቹ ይማሩት። በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ ሁሉም ሰው መንገዱን ይሂድበት። በሌሊት፣ በጭቃ፣ አዛውንት ይዞ መሄድ ሌላ ነገር ነውና።

ናዳ ወርዶ ሰው ከተቀበረስ? «አትሂዱ» አልልሽም። አፈር ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ደቂቃም ዋጋ አለው። ግን መንደሩ በሙሉ አይውጣበት። መጀመሪያ አንድ ዓይኑ የሰላ ሰው ከዳር፣ ከሚንሸራተተው መሬት ውጭ ይቁም። ሥራው ወደ ላይ ማየት ብቻ ነው። አይቆፍርም፣ አያወራም። ጠጠር መርገፍ ሲጀምር፣ ዛፍ ሲነቃነቅ፣ አዲስ ስንጥቅ ሲያይ ፊሽካውን ይነፋል። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ይሁኑ፣ እየተፈራረቁ ይሥሩ። ፊሽካ ሲሰሙ ወደየት እንደሚሮጡ ከመጀመራቸው በፊት ይወቁ። የቀረው ሰው፣ ሴቶችና ሕፃናት፣ አልቃሹም ቢሆን፣ ከታች አይሰብሰብ፤ ከጎን ይራቅ። ዝናብ እየጣለ ከሆነ ሁሉም የበለጠ ይጠንቀቅ። ይህን ማስከበር የሚችለው የሚደመጥ ሰው ነው። ቄሱ፣ የዕድር ዳኛው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር። ማን እንደሚሆን አሁን ይወሰን። ልብ በተሰበረበት ሰዓት ሰው አዲስ መመሪያ አይሰማም።

የሚሮጥ ሰው ወደ ታች አይሩጥ። ናዳው ከሰው ይፈጥናል። ወደ ጎን ነው፣ ፈፋ ሳይሻገሩ። ከብት ለመፍታት ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ የገጠሩ ሰው ትልቁ ፈተና ነው። ስለዚህ ከሰዎቹ ጋር ከብቶቹም ማደሪያ ይቀየርላቸው። በረቱ እዚያው ከቀረ አባትሽም እዚያው ቀሩ ማለት ነው። እስኪወጡ ድረስ ላሉት ጥቂት ሌሊቶች ደግሞ መኝታቸው ከተራራው ጎን ካለው ግድግዳ ይራቅ፣ በቁልቁለቱ በኩል ባለው ክፍል ይሁን።

የሚሄዱበት ቦታም ይመረጥ። ከዚያው ተዳፋት ሥር ያለ የዘመድ ቤት ምንም አይጠቅምም። የፈፋ መውጫ ላይ ያለም እንዲሁ፤ ጭቃው በፈፋ ተከትሎ ሩቅ ይሄዳል። ሸንተረር ላይ ወይም ከተዳፋቱ እግር ራቅ ያለ ሜዳ ላይ ይሁን።

«ይህ ሁሉ ዝግጅት ፋይዳ አለው?» ካልሽ፣ ሆንግ ኮንግን ልጥቀስልሽ። እጅግ ተዳፋት የሆነች፣ ከባድ ዝናብ ያለባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1972 በአንድ ቀን ሁለት ቦታ በደረሰ ናዳ 138 ሰው ሞተባት። ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና 18 ሰው ሞተ። በ1977 ተዳፋቶችን ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ሰው የቆረጣቸውን ወይም የደለደላቸውን ተዳፋቶች እየቆጠረች መዘገበች። ዛሬ ወደ 60,000 የሚሆኑት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ዝናቡ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የናዳ ማስጠንቀቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል። ተራራው ያው ነው፣ ዝናቡም ያው ነው። የሚሞተው ሰው ግን እጅግ ቀንሷል። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ግን አደገኛውን ተዳፋት ለይቶ ማወቅና ሰው ሌሊት እንዳይተኛበት ማድረግ በኛም አቅም ይቻላል።

መንግሥት ዘንድ ደግሞ በጽሑፍ ሂዱ። ስንጥቁን ፎቶ አንሱ፤ ስፋቱ እንዲታወቅ ሜትር ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጡ። ቀኑን፣ የልኬቱን ደብተርና በስልክ የሚገኘውን የቦታውን መገኛ ቁጥር አያይዙ። ለቀበሌው አስገቡ፤ ግልባጩ ለወረዳው አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ይድረስ። በዞኑ በኩል የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ባለሙያ እንዲልክ ጠይቁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ጥናት የሚያካሂድ መሥሪያ ቤት ነው። ከቃል አቤቱታ ይልቅ ቁጥር ያለበት ደብተር ቶሎ ያሯሩጣል። ባለሙያ እስኪመጣ ግን አትጠብቁ።

አባትሽን በተመለከተ፣ በፍርሃት አታናግሪያቸው። የሚያስጨንቃቸው ሞት ላይሆን ይችላል። ቤቱን ከለቀቁ መሬቱን የሚወስድባቸው ይመስላቸው ይሆናል። የመሬት ይዞታ ደብተራቸው በስማቸው መኖሩን አረጋግጡላቸው። ለጊዜው የማደሪያ ለውጥ እንጂ ከይዞታቸው መልቀቅ እንዳልሆነ ቀበሌው ፊት ይነገር። ችካሉንም ከወንድምሽ ጋር እሳቸው ራሳቸው ይትከሉት። ወንድምሽ ሲለካም ቁጥሩን እሳቸው ያንብቡት። መሬታቸውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ምስማሩ ከምስማሩ ሲርቅ በዓይናቸው ካዩ፣ እኔም አንቺም ከምንነግራቸው ይልቅ እሱን ያምናሉ።

በበጋ መመለስ ይችላሉ ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ልኬቱ ለተከታታይ ሳምንታት ካልተንቀሳቀሰ በበጋ ቤቱ ውስጥ ማደር ይቻላል። በልግ ሲመጣ እንደገና መውጣት ነው። ቤቱን ማደስ፣ አዲስ ክፍል መጨመር፣ ቆርቆሮ መለወጥ ግን እዚያ ቦታ ላይ አይደረግ። ያ ገንዘብ ለአዲሱ ቤት ይቀመጥ። ልኬቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ላኪልኝ፤ የተራራውን ፎቶም ከታች፣ ከሩቅ ሆናችሁ አንሱልኝ። ስንጥቁ ከቤቱ ስንት ሜትር እንደሚርቅና ከታች የተቆረጠ መሬት መኖሩን አትርሺ።